ነጋሽ፦ የሶሃባዎቹ መንደር የቆመበት ድንጋይ

ነጋሽን በስም የማያውቅ ሙስሊም ቤተሰብ በሀገራችን ይኖራል ለማለት ያስቸግራል። በትግራይ፣ ከውቅሮ ከተማ በስተሰሜን 10 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ አዲግራት በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ615 ከመካ ቁረይሾች ግፍ ሸሽተው ወደ ሐበሻ ምድር የተሰደዱት ሶሃባዎችና እነርሱን ለጠላት አሳልፎ አልሰጥም ያለው ንጉሥ ነጃሺ ስማቸው ከዚህች ኮረብታ ጋር አብሮ ይነሳል። በአካባቢው ትውፊት መሠረት 15 ሶሃባዎች እዚያው አርፈዋል። ስለ ሂጅራው ብዙ ተጽፏል፤ ወደፊትም ይጻፋል ኢንሻአላህ። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ግን ዘያሪው ከመስጊዱ በር ደርሶ ጫማውን ከማውለቁ በፊት የረገጠውን ነገር ነው፤ ድንጋዩን።

ነገሩ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ነጋሽ የሚለው ስም ከሂጅራው ታሪክ ውጪ በሌላም ዓለም የታወቀ ነው። የምድርን ታሪክ የሚያጠኑ ጂኦሎጂስቶች ከሩቅ አገር ድረስ መዶሻቸውን ይዘው ወደዚህ አካባቢ መጥተዋል። የመጡትም ወርቅ ወይም ነዳጅ ፍለጋ አልነበረም። ድንጋዩ በምድር ሆድ ውስጥ ሳለ ምን ያህል ሙቀትና ምን ያህል ግፊት እንደደረሰበት፣ ከዚያም በፊት ምን እንደነበረ ለማንበብ ነው። እኛ በአውቶቡስ መስኮት አይተን የምናልፈው ገደል ለእነርሱ የተገለጠ መዝገብ ነው።

መንገዱን ከመቀሌ እንጀምረው። መቀሌ የተቀመጠችበት አካባቢ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ከ150 ሚሊዮን ዓመት በላይ በፊት በዚያ የነበረ ባሕር ያስቀመጠው ደለል ጠንክሮ የተሠራ። ንብርብሩ እንደ መጽሐፍ ገጽ ተኝቶ ይታያል። አጉላዕን አልፎ ውቅሮ ሲደረስ ቀላና ነጣ ያለ የአሸዋ ድንጋይ ይመጣል። የውቅሮ ጨርቆስ ቤተ ክርስቲያን የተፈለፈለው በዚሁ ዓይነት ድንጋይ ውስጥ ነው፤ በመሮ ለመፈልፈል የሚመች ድንጋይ ነውና። እስከዚህ ያለው ሁሉ ዝቅጥ አለት የሚባለው ወገን ነው። ተንጠፈፈ፣ ደረቀ፣ ጠነከረ፤ ከዚያ በኋላ እምብዛም የነካው የለም።

ከውቅሮ ወጥቶ ወደ ነጋሽ ሲጠጋ ግን የምድሩ መልክ ይለወጣል። ንብርብሩ መተኛቱን ትቶ ይቆማል። ግራጫ፣ አረንጓዴና ጥቁር የሆኑ ስስ ስስ ድንጋዮች በቁማቸው ተደርድረው ይታያሉ። በእጅ ሲይዟቸው እንደ ሰሌዳ ጠፍጣፋ ሆነው ይሰነጠቃሉ። ይህ ድንጋይ ስሌይት ይባላል። ከላይ ከተኛው የአሸዋ ድንጋይ በመቶ ሚሊዮኖች በሚቆጠሩ ዓመታት ይበልጣል። በሁለቱ መካከል የጠፋው ገጽ ብቻውን ከ100 ሚሊዮን ዓመት በላይ ነው።

ስሌይት ሲፈጠር ስሌይት አልነበረም። የባሕር ጭቃ ነበር። ጭቃውን ወደ ስሌይት የለወጡት ሙቀትና ግፊት ናቸው። ጂኦሎጂስቶች እንዲህ ያለውን ድንጋይ ሜታሞርፊክ ይሉታል፤ በትምህርት ቤት መጻሕፍታችን ልውጥ አለት የተባለው ነው። የዚህ ድንጋይ ልዩ ባሕርይ ሳይቀልጥ መለወጡ ነው። ጠጣር እንደሆነ፣ በውስጡ ያሉት ንጥረ ነገሮች ጎረቤታቸውን እየለወጡ አዲስ ማዕድን ይሠራሉ። የትኛው ማዕድን እንደሚሠራ የሚወስነው ደግሞ በአመዛኙ ሙቀቱና ግፊቱ ነው።

ይህን ለመረዳት ላቦራቶሪ መግባት አያስፈልግም፤ እናቶቻችን ጓዳ መግባት ይበቃል። እንጀራ የምትጋግር እናት ቴርሞሜትር የላትም። ነገር ግን እንጀራው ዓይን ካላወጣ ምጣዱ አልሰማም ትላለች፤ ታችኛው ገጽ ከጠቆረ ደግሞ እሳቱ በርትቷል ትላለች። ምጣዱ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ እሳቱ ጠፍቶ አመዱ ከተጠረገ በኋላ እንኳ፣ መሶብ ውስጥ ያለውን እንጀራ አይታ ጠዋት ምጣዱ እንዴት እንደነበረ መናገር ትችላለች። እንጀራው የምጣዱን ሙቀት ይዞ ቀርቷል። ቀዝቅዞ ተመልሶ ሊጥ አይሆንም። ልውጥ አለትም እንዲሁ ነው። ወደ ምድር ገጽ ሲወጣና ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ጭቃ አይሆንም፤ ለመለወጥ የሚያስፈልገው ውሃ በሙቀቱ ጊዜ ከውስጡ ወጥቶ ሄዷልና፤ ደግሞም በቅዝቃዜ ውስጥ የማዕድናት ለውጥ እጅግ ዘገምተኛ ነው። ስለዚህ በጋለ ጊዜ የሠራቸውን ማዕድናት እንደያዘ ይቀራል።

ይህን አንብቦ ሥርዓት ካስያዙት ሰዎች አንዱ ጆርጅ ባሮው የተባለ እንግሊዛዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1893 ባወጣው ጥናት በስኮትላንድ ደጋማ ምድር እየተዘዋወረ፣ መነሻቸው አንድ ዓይነት ጭቃ የሆኑ ድንጋዮች በየቦታው የተለያየ ማዕድን መያዛቸውን አሳየ። ከጊዜ በኋላ ተሟልቶ የተሰናዳው ቅደም ተከተል እንዲህ ይሄዳል። እሳቱ ለዘብ ባለበት አረንጓዴው ክሎራይት አለ፤ ሙቀቱ ከፍ ሲል ቡናማው ባዮታይት ይመጣል፤ ከዚያም ቀዩ ጋርኔት፤ ከዚያ ስቶሮላይት፣ ካያናይት፣ በመጨረሻም ሲሊማናይት። ማዕድኑን ያየ ሰው ድንጋዩ በስንተኛው ደረጃ ላይ እንደነበረ ያውቃል።

ከእነዚህ መካከል ሦስቱ በጣም ይገርማሉ፤ አንዳሉሳይት፣ ካያናይትና ሲሊማናይት። ሦስቱም የተሠሩት በተመሳሳይ መጠን ከአሉሚኒየም፣ ከሲሊከንና ከኦክስጅን ነው። በንጥረ ነገር ቢመረመሩ ልዩነት የላቸውም። ልዩነታቸው ተሠርተው ባደጉበት ቦታ ነው። ግፊቱ ሲያይል ካያናይት፣ ግፊቱ ሲላላ አንዳሉሳይት፣ ሙቀቱ ሲበረታ ሲሊማናይት ይሆናሉ። ሦስቱ የሚገናኙበት አንድ ነጥብ አለ፤ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ፣ ጥልቀቱም 14 ኪሎ ሜትር ያህል። አንዳሉሳይት የሚለው ስም፣ አንባቢ እንደሚገምተው፣ ሙስሊሞች ለዘመናት ካስተዳደሯት ከአንደሉስ የተወሰደ ነው። በሀገራችን ካያናይት ማየት የፈለገ ወደ ደቡብ፣ ወርቅ ወደሚወጣበት ወደ አዶላ አካባቢ መሄድ አለበት። እዚያ ያሉት ድንጋዮች ከነጋሽ ይልቅ በጥልቅ የተቀበሩ፣ በብርቱም የጋሉ ናቸው።

ዛሬ ደግሞ ከዚህ የረቀቀ ዘዴ አለ። ጋርኔትና ባዮታይት ጎን ለጎን ሲያድጉ ብረትና ማግኒዚየም ይለዋወጣሉ፤ ልውውጡም እንደ ሙቀቱ መጠን ይለያያል። ስለዚህ በሁለቱ ውስጥ ያለውን የብረትና የማግኒዚየም ድርሻ በመሣሪያ ለክቶ፣ ሙቀቱን በአሥር ዲግሪዎች ልዩነት ያህል ማስላት ይቻላል። አንዳንዱ ጋርኔት እንደ ዛፍ ግንድ ከመሐል ወደ ዳር እያደገ ስለሚሄድ፣ መሐሉ የመጀመሪያውን፣ ዳሩ የኋለኛውን ሁኔታ ይዞ ይገኛል። የስንዴ ፍሬ በምታህል ማዕድን ውስጥ የአንድ ተራራ መቀበርና መነሳት ተጽፎ ይገኛል ማለት ነው። ሱብሐነላህ!

ወደ ነጋሽ እንመለስ። የነጋሽ ስሌይት አረንጓዴነቱን ያገኘው በአብዛኛው ከክሎራይት ነው። ይህም ማለት በደረጃው የመጀመሪያ መወጣጫ ላይ ነው። ሙቀቱ 300 ዲግሪ ገደማ ነበር ብንል ከእውነት አንርቅም። ወደ ምድር ውስጥ በተገባ ቁጥር በተለመደው ሁኔታ በየኪሎ ሜትሩ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ስለሚጨምር፣ 300 ዲግሪ ለመድረስ 10 ኪሎ ሜትር ያህል መቀበር ያስፈልጋል። በዚያ ጥልቀት ከላይ የተጫነው የድንጋይ ክብደት በባሕር ጠለል ከሚሰማን የአየር ግፊት ከ2,600 ጊዜ በላይ ይበልጣል። ዛሬ መንገደኛ ቆሞ ሻይ የሚጠጣበት ቦታ አንድ ወቅት ከዚህ ሁሉ ሥር ነበር። ከላይ የነበረውን ተራራ ዝናብና ወንዝ ጠርገው ወሰዱት።

ግፊቱ ከላይ ብቻ አልመጣም፤ ከጎንም መጣ። የምሥራቅና የምዕራብ ታላላቅ መሬቶች ሲጋጩ በመካከላቸው የነበረው የባሕር ደለል ተጨመቀ። መስገጃን መሬት ላይ ዘርግቶ ከሁለት ጫፍ ወደ መሐል ቢገፉት ይታጠፋል፤ የነጋሽም ንብርብር እንዲሁ ታጥፎ ወደ ታች የገባ ጎድጓዳ ቅርጽ ይዟል። በሳይንስ ጽሑፎች የነጋሽ ሲንክላይን የሚባለው ይህ ነው። ስሌይቱ በስስ በስሱ የሚሰነጠቀውም በዚሁ ምክንያት ነው። ብትን ገለባ በሁለት መዳፍ መካከል ሲጨመቅ ገለባው ሁሉ ከመዳፉ ጋር ትይዩ ሆኖ ይተኛል። በጭቃው ውስጥ የነበሩት ረቂቅ ቅርፊቶችም ለግፊቱ ጀርባቸውን ሰጥተው ተደረደሩ። ስለዚህ አንድ የስሌይት ስንጥር በቦታው እንዳለ ያየ ሰው ግፊቱ ከየት በኩል እንደመጣ ማወቅ ይችላል።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስን። 300 ዲግሪ ለእኛ ብዙ ነው፤ ለድንጋይ ግን ጥቂት ነው። በ600 ዲግሪ የተጋገረ ድንጋይ የጋገረውን እሳት በሚገባ ይነግረናል፤ ከመጋገሩ በፊት ምን እንደነበረ ግን ብዙውን ይረሳል። ከዚያም በላይ ሲግል ይቀልጥና መዝገቡ ጨርሶ ይጠፋል። የነጋሽ ድንጋይ የደረሰበት ሙቀት መለወጡን ለመመስከር የሚበቃ፣ ያለፈውን ለማጥፋት ግን የማይበቃ ነው። ሊቃውንቱን ከሩቅ ያመጣቸው ይህ ነው።

ያልጠፋው ነገር ምንድን ነው? በንብርብሩ መሐል ጥቁር የኖራ ድንጋይ አለ። አጥብቆ ቢግል ኖሮ ነጭ እብነ በረድ ይሆን ነበር፤ ነገር ግን ጥቁረቱንም ስስ መስመሮቹንም እንደያዘ ቀርቷል። ከእርሱ በላይ ደግሞ ለዓይን የሚገርም ድንጋይ ይመጣል። በስሌይት ውስጥ ጠጠርና ድንጋይ፣ ትልቁም ትንሹም፣ እንደ ንፍሮ ተደባልቆ ተሰክቷል። ወንዝ እንዲህ አያደርግም፤ ወንዝ ትልቁን ከትንሹ ይለያል። ሳይመርጥ ሁሉንም ሰብስቦ የሚያራግፍ የበረዶ ግግር ነው። በአንዳንዶቹ ጠጠሮች ላይ በረዶው ሲጎትታቸው የተጫሩበት መስመር ሳይቀር አለ። ጠጠሮቹን ያቀፈው ጭቃ ወደ ስሌይት ተለውጧል፤ ጠጠሮቹም በግፊቱ ተጠፍጥፈዋል፤ ቢሆንም የበረዶ ሥራ መሆናቸው አልጠፋም።

በትግራይ የሚገኙትን የዚህን ዘመን ድንጋዮች ዕድሜ በእሳተ ገሞራ አመድ ውስጥ ባለው ዚርኮን በተባለ ማዕድን ለክተዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት የበረዶው ዘመን የጀመረው ከ717 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት መሆኑን አመለከተ። ይህ ደግሞ ተራ የበረዶ ዘመን አልነበረም። በካናዳ፣ በናሚቢያ፣ በኦማንና በሌሎችም አገሮች ምልክቱ ስለተገኘ፣ ብዙ ሊቃውንት ምድር ከዋልታ እስከ ወገቧ ድረስ በበረዶ ተሸፍና ነበር ብለው ያምናሉ። ሶሃባዎቹ ከበረሃ ሙቀት ወጥተው ነፋሻ ደጋ አገኙ ተብሎ የሚነገርላት ነጋሽ፣ ድንጋይዋ የሚናገረው ከዚያ ስለ ባሰ ብርድ ነው።

ሙቀት ድንጋይን ምን እንደሚያደርግ በእጅ ዳስሶ መለየት የሚፈልግ ወጣት በትግራይ ዕድለኛ ነው። ምክንያቱም እዚያው አገር ሌላ የበረዶ ዘመን ድንጋይም አለ። የእዳጋ ዓርቢ ንብርብር ይባላል፤ በውቅሮም አካባቢ ይገኛል፤ ዕድሜው 300 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። እርሱም ጭቃና ጠጠር የተደባለቀበት የበረዶ ጓዝ ነው፤ ነገር ግን በጥልቅ አልተቀበረም፣ አልጋለም። በጣት ሲቧጥጡት የሚፈረፈር፣ ክረምት ሲመጣ የሚጨቀይ ነው። የነጋሹ በመዶሻ ሲመታ ያቃጭላል። ሁለቱም የበረዶ ልጆች ናቸው፤ አንዱ እሳት አይቷል፣ ሌላው አላየም።

በነጋሽ አጠገብ ሌላም እሳት ነበር። ግጭቱ ወደ ማብቂያው ሲደርስ ከጥልቅ የመጣ ቅልጥ አለት ወደ ላይ ገብቶ በስሌይቱና በጎረቤቶቹ መካከል ቀዘቀዘ፤ የነጋሽ ግራናይት የሚባለው ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው አስፋወሰን አስራትና ባልደረቦቻቸው አጥንተውታል፤ ዕድሜውም 608 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። እንዲህ ያለ ትኩስ እንግዳ በሚገባበት ቦታ ሁሉ በአጠገቡ ያለው ድንጋይ የሚለወጠው ከግፊት ይልቅ በሙቀት ነው፤ ምድጃ ዳር የተቀመጠ ሸክላ እንደሚበስል። ከእርሱ እየራቁ ሲሄዱ ምልክቱ እየደከመ ይሄዳል።

የነጋሽን ድንጋይ ስናነሳ የመካን ተራሮች ሳናነሳ ማለፍ አይሆንም። መካን የከበቡት ተራሮች ግራናይትና መሰል ጥንታውያን አለቶች ናቸው። ጂኦሎጂስቶች የዐረቢያና የኑቢያ ጋሻ ብለው የሚጠሩት የአንድ ታላቅ አለት አካል ናቸው፤ የነጋሽ ስሌይትና ግራናይትም የዚሁ አካል ናቸው። በዚያው የግጭት ዘመን አብረው ተጨምቀዋል፣ አብረው ጋግለዋል። ቀይ ባሕር የተከፈተው ብዙ ቆይቶ ነው፤ መሰንጠቁ የጀመረው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ሲሆን ዛሬም በዓመት 1 ሴንቲ ሜትር ያህል እየሰፋ ነው። ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ.) እና ባልደረቦቻቸው በመርከብ የተሻገሩት ባሕር አንድን አለት ለሁለት የከፈለ ውሃ ነው። ከአንዱ ዳርቻ ተነስተው በሌላው ዳርቻ የረገጡት ድንጋይ ዘመዱ ነበር።

እዚህ ላይ አንዳንድ ወንድሞቻችን በየመድረኩ የሚያደርጉትን ማድረግ አልፈልግም። በሱረቱ ፋጢር 27ኛው አንቀጽ ላይ የተራሮች ቀለም መለያየት መወሳቱን ይዘው፣ ይህ የሜታሞርፊክ ሳይንስ ነው ብለው የሚሰብኩ አሉ። አንቀጹ እንድናይና እንድናስተውል ይጠራናል፤ ማስተዋሉ ግን የእኛ ሥራ ነው፤ መዶሻና ድካም ይጠይቃል። የቀደሙት ሊቃውንታችን ያደረጉት ይህንኑ ነው። ኢብኑ ሲና በኪታቡ ሺፋእ ውስጥ ተራሮች አንድም በምድር መንቀጥቀጥ በመነሳት፣ አንድም ውሃ በጎናቸው ያለውን በመሸርሸሩ እንደሚፈጠሩ ጽፈዋል። አልቢሩኒ ደግሞ የከበሩ ድንጋዮችን አንድ በአንድ በውሃና በሚዛን እየለኩ ክብደታቸው ከመጠናቸው ጋር ያለውን ንጽጽር አስልተዋል። ሁለቱም የኖሩት ከ1,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው። ዛሬ በሀገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የጂኦሎጂ ትምህርት ክፍል አለ፤ ልጆቻችን ሕክምናና ምሕንድስና ብቻ እንዲያስቡ የምናደርገው ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ በትግራይ በነበረው ጦርነት የአን-ነጃሺ መስጊድ በከባድ መሣሪያ ተመትቶ ጉዳት ደርሶበታል። የፈረሰ ግንብ በሰው እጅ ይጠገናል፤ የድንጋዩ መዝገብ ግን ከተነሳ መልሶ የሚያስቀምጠው የለም። ከገደሉ የተነቀለ ስሌይት ምን ያህል እንደጋለ አሁንም ይናገራል፤ ወደየት ቆሞ እንደነበር፣ ጎረቤቱ ማን እንደነበር፣ ግፊቱ ከየት እንደመጣ ግን አይናገርም። ዘያሪ ለመታሰቢያ ድንጋይ ማንሳት ካማረው፣ ከገደሉ ሳይነቅል መንገድ ዳር ወድቆ ያገኘውን ያንሳ።

ነጋሽን በደንብ ለማየት የሚሻለው ክረምቱ አልፎ ዝናቡ አለቱን አጥቦ ሲያበቃ፣ በመስከረምና በጥቅምት ነው። ከልጆቻችሁ ጋር የምትሄዱ ከሆነ አንድ ርካሽ የማጉያ መነጽር ያዙ። ስሌይቱ ሲደርቅ ግራጫ ሆኖ ያታልላል፤ ለውዱእ ከያዛችሁት ኮዳ ጥቂት ውሃ ጠብ አድርጉበትና ወደ ፀሐይ ዘንበል አድርጋችሁ በመነጽሩ ተመልከቱት። አረንጓዴ ሆኖ ብልጭ የሚለው እርሱ ክሎራይት ነው።